ባክ ፎከስ ምንድን ነው? ካሜራችን ዓይንን ትቶ ጆሮን ሲያጠራ

አያቴን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳኋቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። የፎከስ ነጥቡን ዓይናቸው ላይ አድርጌ፣ ካሜራው «ቲት» ሲል ተጫንኩ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጉትቻቸው ቁልጭ ብሏል። ዓይናቸው ግን ብዥ ያለ ነው። እጄ ተንቀሳቅሶ መስሎኝ በማግስቱ አሥር ጊዜ ደጋገምኩ። አሥሩም ላይ የጠራው ጆሮ ነው።

ባክ ፎከስ የሚባለው ይህ ነው። ካሜራው «ይዣለሁ» ብሎ ምልክት የሰጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጥራቱ የሚያርፈው ግን ከዚያ ጀርባ። ጥራቱ ወደ እናንተ ቀርቦ፣ ለምሳሌ አፍንጫ ጫፍ ላይ ካረፈ ፍሮንት ፎከስ ይባላል። ትልቁ ምልክት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ መሳቱ ነው። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ የሚል ከሆነ መንስኤው ሌላ ነው።

እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው? በዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ፣ ፎከስ የሚያደርገው ዓይንና ፎቶ የሚያነሳው ዓይን የተለያዩ ናቸው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ያርፋል። አብዛኛው ወደ ላይ ነጥሮ በቪውፋይንደሩ፣ ዓይናችንን በምናስጠጋበት መስኮት፣ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። የመስታወቱ መሃል ግን ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። ያለፈው ብርሃን ከጀርባ ባለች ሌላ ትንሽ መስታወት ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ፣ የካሜራው ወለል ላይ፣ የፎከስ ሴንሰሩ፣ ማለትም ፎከስ የሚያደርገው ዓይን፣ ተቀምጧል። ፎቶውን የሚያነሳው ትልቁ ሴንሰር በዚህ ሰዓት ከሹተሩ፣ ብርሃን ከሚከልለው መጋረጃ፣ ጀርባ ሆኖ ምንም አያይም።

የፎከስ ሴንሰሩ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል። አውራ ጣታችሁን ፊት ለፊታችሁ አቁሙና አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እዩት። ከዚያ በሌላኛው ዓይን። ጣቱ ከጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስላል። ሴንሰሩም ከሌንሱ ግራና ቀኝ የመጣውን ምስል እንዲሁ ያነጻጽራል። ሁለቱ ምስሎች ምን ያህልና ወደየት እንደተራራቁ አይቶ፣ ሌንሱ በየት አቅጣጫ ስንት መዞር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። ፍጥነቱ ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 አውቶፎከስን በካሜራው አካል ውስጥ አድርጎ ገበያውን ሲቀይር፣ መሠረቱ ይኸው ሐሳብ ነበር።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። በትንሿ መስታወት ዞሮ ወደ ፎከስ ሴንሰሩ የሚሄደው መንገድና በቀጥታ ወደ ትልቁ ሴንሰር የሚሄደው መንገድ ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት። በፀጉር ስፋት እንኳ ቢለያዩ የፎከስ ሴንሰሩ ጠርቶ ያየውን ትልቁ ሴንሰር ደብዝዞ ያገኘዋል። ትንሿ መስታወት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎቶ ታጥፋ ትመለሳለች። ዓመታት ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ይህን በአሥር ሺዎች ጊዜ አድርጎታል። ማረፊያዋ ትንሽ ቢያልቅ ወይም ካሜራው አንዴ ቢወድቅ ልኩ ይዛነፋል። ሌንሱም የራሱ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ነው አንዱ ሌንስ ደህና ሆኖ ሌላው የሚስተው።

ብዙ ሰው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስኪገዛ ድረስ ይህን ችግር አያውቀውም። ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ ሲያነሳ ሁሉም ደህና ይመስላል። ምክንያቱ የጥራቱ ጥልቀት ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ፣ የተለመደው ዓይነት ዲኤስኤልአር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርገን፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ 1.8 ላይ በሰፊው ከፍተን፣ ሰውየውን ከአንድ ሜትር ተኩል ብናነሳው ከፊት ወደ ኋላ የሚጠራው ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አፐርቸሩን አጥብበን 8 ላይ ብናደርገው ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስህተቱ አለ፤ ግን ተሸፍኗል።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ላይ ደረስን። ብዥ ያለ ፎቶ ሁሉ ባክ ፎከስ አይደለም። ሰው በችኮላ ደህናውን ሌንስ በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። በቪውፋይንደሩ ስታዩ የሚደበዝዝባችሁ ከሆነ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ለዓይናችሁ አዙሯት፤ ፎቶው ላይ ምንም ለውጥ የላትም። ብዥታው እንደ ጭረት ወደ አንድ ወገን የተሳበ ከሆነ እጃችሁ ወይም ሰውየው ተንቀሳቅሷል፤ የሹተሩን ፍጥነት ጨምሩ። ያገለገለ ካሜራ ገዝታችሁ የማንሻ ቁልፉን ግማሽ ስትጫኑ ፎከስ አልሞክርም ካለ፣ የቀድሞው ባለቤት ፎከሱን ካሜራው ጀርባ ወዳለ ቁልፍ አዛውሮት ሊሆን ይችላል። ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው መልሱትና እዩ። የኒኮን ዲ40፣ ዲ3000 ወይም ዲ5000 ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ ካሜራው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። በሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ካልተጻፈና ሌንሱ የራሱ ሞተር ከሌለው በእጅ ማዞር ግድ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሌንሱ ወዲያና ወዲህ «ዝዝዝ» እያለ የሚፈልግ፣ ግን የማይዝ ከሆነስ? አንዳንዴ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሴንሰሩ የሚይዘው ልዩነት አጥቷል። የጥምቀት ዕለት ይህ በደንብ ይታያል። ነጥቡን ነጭ ነጠላ ላይ ካደረጋችሁ ሁለቱን ምስሎች የሚያስተያይበት መስመር የለም። ጥበቡ ላይ ወይም ፊትና ነጠላው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አድርጉት፤ ወዲያው ይይዛል። በጨለማም መሃለኛውን ነጥብ ተጠቀሙ። በብዙ አሮጌ ካሜራዎች ቋሚና አግድም መስመርን አንድ ላይ የሚያነበው እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ባክ ፎከሱን እንፈትን። ጋዜጣ ወይም የታተመ ካርቶን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከጎኑ ማስመሪያ አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ግማሹ ከካርቶኑ ፊት፣ ግማሹ ከጀርባው ይሁን። ካሜራው ትራይፖድ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። የቀን ብርሃን ተጠቀሙ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መሃለኛውን ነጥብ ካርቶኑ ላይ አድርጉ፣ በሁለት ሴኮንድ ታይመር አንሱ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ሌንሱን በእጅ አዙራችሁ አደብዝዙት፤ አለዚያ ካሜራው ካለበት ላይንቀሳቀስ ይችላል። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ በላይቭ ቪው፣ ማለትም በኋላው ስክሪን እያያችሁ ድገሙት። መስታወቱ ስለሚነሳ ፎከሱን የሚፈልገው ራሱ ትልቁ ሴንሰር ይሆናል። «ኩዊክ» የሚባል ምርጫ ካለ አትጠቀሙበት፤ እሱ መስታወቱን መልሶ ያወርደዋል። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ፣ በቪውፋይንደር ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሳተ ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ የተዛነፈው ልኩ ነው። ሁለቱም ላይ ብዥ ካለ ግን ሌንሱን ጠርጥሩ። ካኖን 350ዲንና ኒኮን ዲ80ን የመሳሰሉት ላይቭ ቪው የላቸውም። እነሱ ላይ ሌንሱን በእጅ ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ ብዙ ፎቶ አንሱና ከመካከላቸው ጥርት ያለ መኖሩን እዩ።

መፍትሔው እንደ ካሜራው ይለያያል። ካኖን 50ዲ፣ 7ዲና 5ዲ ማርክ 2፣ ኒኮን ዲ300ና ዲ7000 ሜኑ ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ አላቸው። ካኖን «ማይክሮአጀስትመንት» ይለዋል፣ ኒኮን «ፋይን ቲዩን»። ከ−20 እስከ +20 ይሄዳል። ለባክ ፎከስ ወደ መቀነስ፣ ለፍሮንት ፎከስ ወደ መደመር ነው። አምስት አምስት እያላችሁ ጀምሩ፣ ስትቀርቡ በአንድ አንድ። ካሜራው ቁጥሩን ለየሌንሱ ለይቶ ያስታውሳል። ካኖን 60ዲ፣ ኒኮን ዲ90ና አነስተኛዎቹ ካሜራዎች ይህ የላቸውም። የእነሱ ልክ የሚስተካከለው ጠጋኝ ዘንድ ነው። የመስታወቷን ማረፊያ በራሳችሁ እንዳትነኩ አደራ። እናንተ ማድረግ የምትችሉት የሌንሱን የብረት መገናኛዎች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግና ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ በእጅ በሚጨመቅ ማራገቢያ አቧራውን ማስወጣት ነው። መስታወቱን ጣትም ጨርቅም አይንካው።

የእኔው ካሜራ ማስተካከያው ነበረው። በ−7 ላይ ማስመሪያው ልክ ካርቶኑ ጎን ጠራ። በሳምንቱ አያቴን እዚያው በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። አፐርቸሩ 1.8፣ ነጥቡ ግራ ዓይናቸው ላይ። ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል።