«ጥንድ ቀበሮ ጭነህ አምጣልን»

ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር የሚኖር አጎት አለኝ። ባለፈው ፋሲካም እንደ ልማዱ ያዘኝ። «አባቴ እዚህ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር ይለን ነበር። ባሌ ሞልቷል ትላለህ። ታዲያ አንተ ልጅ፣ ወንድና ሴት በፒካፕ ጭነህ የማታመጣልን ምን ሆነህ ነው? ኖኅ እንኳ ጥንድ ጥንድ ነው ያስገባ!»

ይህን ጥያቄ በሰርግም በለቅሶም ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ ከቀያቸው የጠፉ የዱር እንስሳትን መመለስ ይቻል እንደሆነ ማጥናት ነው። «ይቻላል» ከምልበት ቀን «ገና ነው» የምልበት ይበዛል፤ ሰው የሚቀየመኝም በዚህ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መጀመሪያ ጥቃቅኖቹን። «ባሌ ሞልቷል» ስለሚባለው፦ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ የቀረው በየደጋው ተበታትኗል። «ማቆያ ውስጥ አራቡና ልቀቁ» ለሚለኝ፦ አንድም ቀይ ቀበሮ በየትኛውም አገር ማቆያ ውስጥ የለም። «በግ ይጨርሳል»፦ ዋና ቀለቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ጠቦት የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። «ሰው የነካው አውሬ ዱር አይመለስም»፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሜን ላይ እግሯን በጥይት የተመታች ቀበሮ ተገኝታ፣ ከወር በላይ ታክማ ተለቀቀች። ስሟንም ተረፈች አሏት። ኋላ ወልዳለች።

አሁን ወደ ጥንዱ።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የመንጋው አውራ ሴት ናት፤ ሌሎቹ ግልገል ይጠብቃሉ፣ ምግብ ያመጣሉ፣ ድንበር ያስከብራሉ። ሁለት ብቻ ብትለቅ ሞግዚትም ጠባቂም የላቸውም። ቢወልዱ እንኳ ልጆቻቸው የሚጋቡት ከወንድምና ከእኅታቸው ጋር ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ የአገሬ ሰው ይህን እንዴት እንደሚዘነጋው ይገርመኛል።

እሱም ይቅር፤ ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። ማንም የማይጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ የቀድሞዎቹን ምን ጨረሳቸው? የገብስና የድንች ማሳ ወደ ላይ ወጣ፣ ግጦሹ ተራቆተ፣ የአይጡም ጉድጓድ አብሮ ሄደ። ከሰውና ከከብቱ ጋር ደግሞ ውሻ ወጣ። ባሌን እዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የእብድ ውሻ በሽታ እየተመላለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጃቸው። ያውም በዓለም ትልቁ መኖሪያቸው ላይ! ጮቄ ላይ ሁለት ብትለቅ አንድ የታመመ ውሻ በሳምንት ይበቃቸዋል።

ይህ መላምት እንዳይመስላችሁ፣ በራሳችን አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት መቶ ገደማ ቆርኬዎች (ሣር በል የሜዳ እንስሳት ናቸው) ከሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ተጭነው አዋሽና ነጭ ሣር ፓርኮች ተለቀቁ። ሁለት መቶ፣ ጥንድ አይደለም። አዋሽ ላይ ዛሬ አንድም የለም፤ ነጭ ሣርም ከዓመት ዓመት እየመነመኑ በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። ሰንቀሌ ራሱ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ግርግር ክፉኛ ታደነ፤ ጥበቃው ሲመለስ ግን ከየትም ሳይመጣለት፣ የተረፈው ራሱ ወልዶ ቁጥሩ አንሠራራ። መኪና ያመጣው ለውጥ የለም። ለውጡን ያመጣው ስካውቱ፣ የዱር እንስሳ ጠባቂው ነው።

«እኛ ድሆች ስለሆንን ነው፣ ገንዘብ ካለ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ኦማን ገንዘብ አላት። የመጨረሻው ዱር ያለ የአረቢያ ሳላ (ረጅም ቀንድ ያለው የበረሃ እንስሳ ነው) እ.ኤ.አ. በ1972 ተገደለ፤ በማቆያ ተዋልደው የበዙት እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ በረሃው ተመለሱ፣ ከ400 በላይም ደረሱ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 አዳኞች ተመልሰው መጡ፤ እየያዙ ለግል ሰብሳቢዎች ይሸጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳላዎቹ የተለቀቁበት ጥብቅ ቦታ ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ፤ ሲሰረዝ የመጀመሪያው ነበር። ቻድም እ.ኤ.አ. በ2018 ከደቡብ አፍሪካ በአውሮፕላን ስድስት ጥቁር አውራሪሶች አስመጥታ፣ በወራት ውስጥ አራቱ ሞቱባት። ከአዲሱ ቀለብ ጋር መስማማት አቅቷቸው ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ በማልኮራበት ኮሚቴ ውስጥ። የእንስሳቱ መልቀቂያ ቀን ተቆርጧል፣ ባነሩ ታትሟል፣ የካሜራ ሰው ተጠርቷል። የሣሩ ጥናት ግን ገና አልተጀመረም። «ለምን?» ስል «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ተባልኩ። ምስጋና ለበጀት እጥረት፣ ሳይለቀቁ ቀሩ።

ይልቅ ለደጋ ሰው የምነግረው አለኝ፤ ከጥንድ ቀበሮ የሚበልጥ። ውሻህን በየዓመቱ አስከትብ። ከብት ስትጠብቅ ወደ ቀበሮው ሜዳ ይዘኸው አትውጣ፤ ቀበሮ የሞተ ካየህም በእጅህ አትንካ፣ ለስካውት ተናገር። የመንዝ ጓሳ ሰዎች ሣሩን ለዘመናት በራሳቸው ሥርዓት ዘግተው እየከፈቱ ጠብቀዋል፤ ቀበሮው እዚያ ማንም ሳያመጣው አለ። ጮቄ ላይ አንድ ሸንተረር እንዲህ ብትዘጉልኝ፣ አይጡን ልቆጥር በራሴ ወጪ እመጣለሁ።

ለአጎቴም ይህንኑ ነገርኩት። ኖኅም ቢሆን ውሃው ሳይጎድል በሩን እንዳልከፈተ፣ ቁራና ርግብ ልኮ መሬቱን አስቀድሞ እንዳስጠና ጨመርኩለት። ደግሞ ከንጹሑ እንስሳ ሰባት ሰባት ነው ያስገባው፣ ጥንድ ብቻ አይደለም አልኩት።

«ቀበሮ ንጹሕ ነው እንዴ?» አለኝና ሳቀ። ከእግሩ ሥር ቦቢ ተኝቷል። ተከትቦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጠላውን አነሣ።