የሽያጭ ኮሚሽን ምንድን ነው? ገበያ ሲቀዘቅዝስ ሴልሶችን ለምን ማትጋት ያቅተዋል?

ኮሚሽን የሽያጭ ሠራተኛ (በተለምዶ ሴልስ የሚባለው) ከመደበኛ ደመወዙ ሌላ፣ በሸጠው መጠን የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ከዚህ በላይ ትርጉም የለውም። የሚያጣላው መጠኑ በምን ይለካ የሚለው ነው። በብር ነው በካርቶን? ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ነው ገንዘቡ ሲሰበሰብ? ገበያው ደህና በሆነ ጊዜ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ይሸጣል፣ ሁሉም ይከፈለዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን የሴልሶቹ ትጋት የሚወሰነው በእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ሽያጭ ሲወርድ ብዙ ድርጅት ቀድሞ የሚያደርገው ስብሰባ መጥራት ነው። የማነቃቂያ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል። በማግስቱ ሴልሱ ሩቱን፣ ማለትም የተመደበለትን የሱቆች መስመር፣ ይዞ ሲወጣ ባለሱቁ «ኧረ ያለፈውም አላለቀልኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ሥልጠናው እዚያው ሱቅ በር ላይ ያበቃል። ምክንያቱን የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቪክተር ቭሩም እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል። ሠራተኛ ከመትጋቱ በፊት በልቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ብደክም ይሳካልኛል? ከተሳካልኝ ይከፈለኛል? የሚከፈለኝስ ድካሜን ያክላል? በቭሩም ስሌት የሦስቱ መልሶች ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ትጋቱም ዜሮ ይሆናል። በቀዘቀዘ ገበያ መጀመሪያ ወደ ዜሮ የሚወርደው «ብደክም ይሳካልኛል?» የሚለው ነው። ድርጅቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ለማከም ይሮጣሉ፤ ለአንደኛ የወጣ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ እንሸልማለን ይላሉ። እንደማይደርስበት ያወቀ ሴልስ የሽልማቱ ትልቅነት ምን ያደርግለታል?

በብር የሚለካ ታርጌት

የዋጋ ንረት ባለበት አገር በብር የተቀመጠ ታርጌት፣ ማለትም ሴልሱ በወር እንዲሸጥ የሚጠበቅበት መጠን፣ በሁለት በኩል ያታልላል። አንድ የልብስ ሳሙና አከፋፋይ ካርቶኑን በ1,200 ብር ሲሸጥ አንድ ሴልስ በወር 1,000 ካርቶን፣ ማለትም የ1.2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነበረው እንበል። ዋጋው 1,800 ሲገባ ሰውየው 750 ካርቶን ብቻ ቢሸጥ ሽያጩ 1.35 ሚሊዮን ይሆናል። በወረቀት ላይ ታርጌቱን 112.5 በመቶ አሳክቷል፤ በሱቆቹ መደርደሪያ ላይ ግን ሩቡን ገበያ አጥቷል። ድርጅቱ ለወረደ ሽያጭ ጉርሻ ይከፍላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማታለል ተቃራኒው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ዋጋውን ከዚያ ጋር አስተካክሎ የሴልሱንም የብር ታርጌት በዚያው ልክ ሲያሳድግ፣ ሴልሱን የሚጠይቀው ገዢው በእጥፍ ዋጋ ያንኑ ያህል ዕቃ እንዲያነሣ ነው። የደንበኛው ገቢ ግን በእጥፍ አላደገም።

ስለዚህ ታርጌቱ በካርቶን፣ በኩንታል፣ በሊትር ወይም በቁጥር ይቀመጥ። ዕቃው ብዙ ዓይነት ከሆነ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጠው፤ ለምሳሌ ትልቁ ካርቶን 3 ነጥብ፣ ትንሹ 1 ነጥብ። ነጥቡ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር አይነካም። የግድ በብር መለካት ካለበት ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ሳይጨምር ይሁን፣ ዋጋ በተለወጠ በዚያው ቀን ታርጌቱም ይከለስ። መነሻውም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ይልቅ ያለፉት 3 ወራት አማካይ ቢሆን ለእውነቱ ይቀርባል። ወቅትን መርሳት ግን አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ የሚሸጥ ቀለምና ሲሚንቶ፣ በዐቢይ ጾም የሚሸጥ ቅቤና ወተት የራሱ ልክ አለው፤ የጥርን አማካይ ወስዶ በየካቲትና በመጋቢት ወተት አምጣ ማለት ሴልሱን በጾም መቅጣት ነው።

ደፉ

በአብዛኛው የኮሚሽን ዕቅድ ውስጥ ደፍ አለ፤ ከዚህ በታች ከሸጥክ ምንም አይከፈልህም የሚል። ለምሳሌ የታርጌቱ 80 በመቶ ነው እንበል። ታርጌቱ 800 ካርቶን ከሆነ ደፉ 640 ነው። ወሩ ሃያ ቀን ሲሞላው ሴልሱ 350 ሸጧል እንበል፤ በአንድ የሥራ ቀን 20 ገደማ ማለት ነው። በቀሩት 8 የሥራ ቀናት በዚያው ፍጥነት ቢሄድ 510 ላይ ይቆማል፤ 510 ካርቶን ሸጦ ኮሚሽኑ ባዶ። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ሴልስ በጭንቅላቱ ይሠራዋል። ከሃያኛው ቀን በኋላ የሚሆነው ነገር ከሁለት አንዱ ነው፦ የዋሁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ብልጡ ደግሞ ባለሱቁን «ትእዛዝህን ለሚቀጥለው ወር አንድ ላይ ላድርግልህ» ብሎ ያቆያል፤ የሚቀጥለው ወር ታርጌት እንዲቀልለው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ በድንገት ሲፈላ ያየ አስተዳዳሪ የደረሰኞቹን ቀን ብቻ ሳይሆን ትእዛዙ የተሰጠበትንም ቀን ይመልከት።

መድኃኒቱ ደፉን ማውለቅና ደረጃ ማበጀት ነው። ለምሳሌ ከመጀመሪያው ካርቶን እስከ 400ኛው በካርቶን 6 ብር፣ ከ401 እስከ 600 በካርቶን 12 ብር፣ ከዚያ በላይ 20 ብር። 510 የሸጠው 3,720 ብር ያገኛል፤ 700 የሸጠው 6,800። የመጨረሻው ካርቶን ሁልጊዜ ከፊተኛው የበለጠ ስለሚከፍል በ28ኛው ቀንም ከቤት የሚያስወጣ ምክንያት አለ። ድርጅቱ ግን ይህን ከማወጁ በፊት ትርፉን ያስላ፦ 1,800 ብር በሚሸጥ ካርቶን ላይ 9 በመቶ ጥቅል ትርፍ ካለው 162 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ 20 ብር መስጠት 12 በመቶ ገደማ ነው። ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን ለሴልሱ የተፈቀደ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ 100 ብር ቀንሶ ሸጦ 20 ብር ይወስዳል፣ ለድርጅቱ የሚተርፈው 42 ብር ነው። ቅናሽ በሰጠበት ካርቶን ላይ የኮሚሽኑ ተመን በግማሽ እንዲወርድ ማድረግ ይህን ቀዳዳ ይዘጋል።

ጣሪያ ማድረግ ግን አይጠቅምም። «ከ10,000 ብር በላይ ኮሚሽን አይከፈልም» የሚል ድርጅት ምርጡ ሴልሱ በ22ኛው ቀን ሥራ እንዲያቆም ደመወዝ እየከፈለው ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነ ጥፋት ደግሞ አለ፤ ሴልሱ ታርጌቱን ባለፈ ማግስት ታርጌቱን ከፍ ማድረግ። ይህን ሁለት ጊዜ የቀመሰ ቡድን ከዚያ በኋላ 101 በመቶ ላይ ይቆማል።

ዱቤና ደረቅ ቼክ

ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ፣ ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ነጋዴው በባንክ ያጣውን ብድር ከአከፋፋዩ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ሴልሱ ዕቃ ሲወጣ ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ለማንም በዱቤ ያወርዳል፤ የመሰብሰቡ ጣጣ የፋይናንስ ነውና። ሁሉንም ኮሚሽን በተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ማድረግ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ያደርሳል፤ ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ ደክሞ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

መካከለኛው መንገድ ኮሚሽኑን ለሁለት መከፋፈል ነው፦ 40 በመቶው ዕቃው ሲወርድ፣ 60 በመቶው ገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ ሲገባ። ከ30 እስከ 45 ቀን ከዘገየ የ60ው ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ቼክ ከሆነ ደግሞ «ገባ» የሚባለው ባንክ ሲያጸድቀው እንጂ ሴልሱ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አይደለም። ደረቅ ቼክ ሆኖ ከተመለሰ የተከፈለው ኮሚሽን ከሚቀጥለው ወር ኮሚሽን ይቀነስ። ከደመወዝ ላይ መቁረጥ ሌላ ነገር ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 53 ኮሚሽንንና ቦነስን ከደመወዝ ውጪ ያደርጋቸዋል። ለሴልሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገቢው በአብዛኛው ኮሚሽን የሆነ ሰው በደመወዝ በሚሰላ ክፍያ ሁሉ ትንሽ ሰው ነው። ለግብር ሲሆን ግን ኮሚሽኑ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሴልስ 10,000 ብር ኮሚሽን ቢያገኝ ከዚያ ላይ 3,400 ብር ግብር ይሄዳል፤ እጁ የሚገባው 6,600 ነው። «10,000 አለህ» ተብሎ 6,600 የተሰጠው ሰው ተዘረፍኩ ቢል አይፈረድበትም። ዕቅዱ ሲነገር የተጣራው ቁጥር አብሮ ይነገር።

ያልሸጠው ሰው ሳይሆን ያልመጣው ዕቃ

በምንዛሪ እጥረት ወይም በወደብ መዘግየት ዕቃ ከመጋዘን ሲጠፋ ታርጌቱ እንዳለ የሚቀመጥበት ድርጅት ጥቂት አይደለም። ሴልሱ ትእዛዝ አምጥቶ ዕቃ ከሌለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት ተቆጥረው ታርጌቱ በዚያው ልክ ይቀነስ፤ ከ25 የሥራ ቀን 5ቱ ባዶ ከነበሩ 800ው 640 ይሆናል። ይህ ለድርጅቱ ብዙ ወጪ የለውም፤ ለሴልሱ ግን ዳኛው እንደማያዳላ ከየትኛውም ንግግር በላይ ይነግረዋል።

ክፉ ወቅት ሲመጣ ቀድሞ የሚለቀው ጎበዙ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚፈልገው አለና። ለእሱ ጊዜያዊ ዋስትና ማበጀት ይቻላል፦ ያለፉት 6 ወራት አማካይ ኮሚሽኑ 6,000 ብር ከነበረ ለ3 ወር ብቻ 60 በመቶው፣ 3,600 ብር፣ ሸጠም አልሸጠም ይከፈለው፤ የራሱ ኮሚሽን ከዚያ ከበለጠ የበለጠውን ይውሰድ። የማብቂያ ቀኑ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልተቀመጠ ዋስትናው ደመወዝ ይሆንና ማንም አይነሣሣበትም።

ከሽያጭ ሌላ ለሥራው ራሱ ትንሽ መክፈልም ይረዳል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በቀን 20 ሱቅ ጎብኝ» ብሎ ለጉብኝት መክፈል የፈጠራ ጉብኝት ይወልዳል፤ ለ«አዲስ ሱቅ» መክፈል ደግሞ አንድ ካርቶን ወስደው የሚጠፉ ሱቆችን ያበዛል። የተሻለው፣ በ45 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ላዘዘ አዲስ ሱቅ መክፈል ነው።

የሚለካው ነገር ሲበላሽ ሰው እንዴት እንደሚበላሽ የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ በሚገባ አሳይቷል። ሠራተኞቹ በሒሳብ ብዛት ሲለኩ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ይከፍቱ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ባንኩ የ185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት፣ 5,300 ያህል ሠራተኞችም መባረራቸው ታወቀ። ሠራተኞቻቸውን ተቀማጭ አምጡ የሚሉ የእኛም ባንኮች ቢያስቡበት አይከፋም፤ ሰኔ 30 ላይ ብቻ የሚለካ ተቀማጭ ሐምሌ ሲገባ የሚወጣ ገንዘብ ይጠራል። የወሩን አማካይ ቀሪ ሒሳብ መለካት ይሻላል።

ዕቅዱን ሥራ ላይ ማዋል

አዲሱ ዕቅድ ከወሩ መጀመሪያ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይነገር፤ በወር መካከል የተቀየረ ዕቅድ ይቅርታ የለውም። በሥራ ውሉ ላይ የተጻፈ የኮሚሽን ተመን ካለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን በጽሑፍ ስምምነት ይለወጥ። ክፍያው የሚወጣበት ቀን ተቆርጦ ይታወቅ፣ ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ ቢሆን ደግ ነው፤ ከገንዘቡ ጋርም እያንዳንዱ ደረሰኝ፣ ካርቶኑ፣ ተመኑና ገንዘቡ የገባበት ቀን ያለበት አንድ ገጽ ይሰጠው። ሴልሱ ስሌቱን ራሱ ሠርቶ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ካልደረሰ ዕቅዱ ከብዷል።

ከማወጅ በፊት ያለፉትን 6 ወራት እውነተኛ ሽያጭ በአዲሱ ተመን ማስላት ግድ ነው፦ ማን ስንት ያገኝ ነበር፣ ከቡድኑ ግማሽ በታች የሆነው ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ተመኑ ይስተካከል። ከዚያ ከአንጋፋ ሴልሶች ሁለቱን አስቀምጦ «ይህን ዕቅድ ማጭበርበር ብትፈልጉ በየት በኩል ትገቡበታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሻይ ሳይበርድ ይናገራሉ፤ የአንዱን ደንበኛ ትእዛዝ በሁለት ስም መከፋፈል፣ ለጅምላ ነጋዴ አውርዶ በሚቀጥለው ወር መልሶ መቀበል፣ የሌላውን ሩት ሱቅ በስልክ መሸጥ። ተመላሽ ዕቃ ከኮሚሽን የሚቀነስበት አንቀጽና የሩት ወሰን ከነሱ አፍ ተወስዶ ይጻፍ።