ስለ ፈረንሳይኛና ተናጋሪዎቹ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ መጋቢት 11 (ማርች 20) ዓለም አቀፍ የፍራንኮፎኒ (ፈረንሳይኛን የሚጋሩ አገሮች ማኅበር) ቀን ይከበራል። ቀኑ በመጣ ቁጥር የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ፤ ተናጋሪዎቹን ስለሚያሳንሱ መታረም አለባቸው።

«ፈረንሳይኛ የፈረንሳዮች ቋንቋ ነው»
ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ተናጋሪዎቹ 321 ሚሊዮን ናቸው። የፈረንሳይ ሕዝብ 68 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቋንቋውን በየቀኑ ከሚጠቀሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፍሪካውያን ናቸው፤ የዴሞክራቲክ ኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳ ብቻዋን በሕዝብ ብዛት ፓሪስን ታስከነዳለች።

«ፍራንኮፎኒ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶቿን ላለመልቀቅ የፈጠረችው ነው»
ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። ፈረንሳይኛ ብዙ አገር የገባው በጠመንጃ ነው፤ ይህን መሸፈን ነውር ይሆናል። ማኅበሩን የጠነሰሱት ግን ከነፃነት በኋላ የተነሱ መሪዎች ናቸው፦ የሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር፣ የቱኒዚያው ሀቢብ ቡርጊባ፣ የኒጀሩ ሃማኒ ዲዮሪ፣ የካምቦዲያው ኖሮዶም ሲሃኑክ። መሥራች ስምምነቱ የተፈረመውም ማርች 20 ቀን 1970 በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ ነው፤ በዓሉ በዚያ ቀን የሚውለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊም ግብፃዊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ነበሩ። አባልነት በፈቃድ ስለሆነ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ራሷ ኒጀር በ2025 መውጣታቸውን አስታውቀዋል። የኒጀር መውጣት ያሳዝነኛል፤ መብቷ ግን ነው።

«ትክክለኛው የፓሪሱ ብቻ ነው»
ከሁሉ የሚከነክነኝ ይኸኛው ነው። ፓሪስ ላይ 97 ሲቆጠር «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» እንደማለት ነው። ብራስልስና ጄኔቭ ግን ለዘጠና ራሱን የቻለ ቃል ስላላቸው «ዘጠና ሰባት» ብለው ያልፋሉ። የትኛው ነው ስህተት? ሁለቱም በትምህርት ቤት የሚሰጡ፣ በመንግሥት ሰነድ የሚጻፉ ናቸው። በኮትዲቯር የአቢጃን ከተማ ወጣቶች ደግሞ ኑሺ የሚባል የራሳቸውን የከተማ ቋንቋ ፈጥረዋል። ሴንጎር በ1983 እ.ኤ.አ. የቋንቋው ጠባቂ ለሆነው ለፈረንሳይ አካዳሚ የተመረጡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ፤ በ2021 ጎንኩር የተባለውን ታዋቂ የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የወሰደው ሴኔጋላዊው መሐመድ ምቡጋር ሳር ነው።

«በእነዚያ አገሮች ሁሉም ሰው ፈረንሳይኛ ይችላል»
አይችልም። ዳካር ገበያ ውስጥ የሚሰማው በዋናነት ዎሎፍ ነው፤ የሄይቲ ሕዝብ የአፍ መፍቻም ክሪዮል ነው።

«እኛን አይመለከተንም»
ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል አይደለችም፤ ፈረንሳይኛ ግን ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰውን ባቡር የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ድሬዳዋ ላይ ፈረንሳይኛን ከሥራው ጋር የተማረ የምድር ባቡር ሠራተኛ ብዙ ነበር። ጅቡቲ ዛሬም ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ትጠቀማለች። አዲስ አበባ ውስጥ በሊሴ ገብረማርያም ልጆች ይማሩበታል፤ የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባዎችም ይተረጎሙበታል።