የአዲስ አበባ መሀል ከተማ፦ አመሠራረቱ፣ የእድገት ችግሮቹና መልሶ ማልማቱ

የአዲስ አበባ መሀል ከተማ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታና አዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች የሚጋሩት ቦታ ነው። ከጊዮርጊስና ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ይወርዳል። በምዕራብ መርካቶን፣ በምሥራቅ አራት ኪሎንና ካዛንቺስን፣ በደቡብ ደግሞ ሜክሲኮንና መስቀል አደባባይን ያካትታል። ከከተማዋ ጠቅላላ ስፋት፣ ማለትም ከ527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የያዘው ጥቂቱን ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ገበያውና ታክሲ ተራው በብዛት የተሰበሰቡት እዚህ ነው። የቤት እጥረቱም፣ የትራንስፖርት ሰልፉም፣ የወንዝ ብክለቱም፣ የልማት ተነሺው ጉዳይም ጎልቶ የሚታየው በዚሁ አካባቢ ነው።

ከሰፈር ወደ ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፕላን አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ዐፄ ምኒልክም ከእንጦጦ ወርደው ግቢያቸውን ተከሉ። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው። በእያንዳንዱ ሹም ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኰንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ከዚህ አሰፋፈር የመጣው ትልቁ ነገር ግን ባለጸጋውና ድሃው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ መኖራቸው ነው። በብዙ የዓለም ከተሞች ድሃው ለብቻው ዳር ላይ ሲሰፍር፣ በአዲስ አበባ መሀል ግን ከቪላው ጀርባ የጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከሱቁ አጠገብ ትምህርት ቤት ማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ የተለመደ ነገር ሆኖ ቆይቷል። የዚህን አካባቢ የወደፊት ዕጣ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት በአካባቢዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲተከል ግን ማገዶው ተገኘ፣ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለገሃርም የመሀል ከተማው የደቡብ በር ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ደግሞ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት አቀደ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አንስቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ቦታ ፈጠረ። መለያየቱ ብዙም ሳይዘልቅ ወረራው አበቃ፤ ገበያው ግን በተተከለበት ቀረ።

በ1950ዎቹ የአፍሪካ አዳራሽና ማዘጋጃ ቤቱ ተሠሩ። ሁለቱም የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ መዘዲሚ ሥራዎች ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚህ ሲመሠረት ከተማዋ የአህጉር መዲና የሚል ማዕረግ አገኘች፤ ከዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ጀርባ ያለው ሰፈር ግን እንዳለ ነበር።

የቀበሌ ቤት

የዛሬውን መሀል ከተማ ያለ 1967ቱ አዋጅ መረዳት አይቻልም። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ቤቶች ለኪራይ ቤቶች ድርጅት፣ ከዚያ በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ የሚታሰብ አልሆነም፤ ተከራዩም ያለ ቀበሌው ፈቃድ ግድግዳ መምረግ፣ ጣሪያ መቀየር አይችልም ነበር። ጭቃውና እንጨቱ አርጅቶ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያው ክፍል ውስጥ ተደራርበው ዓመታት አለፉ።

እነዚህን ግቢዎች ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚታየው ጉስቁልናቸው ነው፤ ይህም እውነት ነው። አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቢጫ ጀሪካን በየበሩ ይደረደራል። ክረምት ሲገባ ፍሳሹ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ከውስጥ ሲታይ ግን ግቢው የሥራ ቦታም ነው። አንዷ እናት እንጀራ ጋግራ አጠገቧ ላለው ምግብ ቤት ታስረክባለች፤ ሌላዋ መንገዱ ዳር ጉልት ትቸረችራለች። የጎረቤት ልጅ ጫማ ይጠርጋል፣ አባቱ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ነው። ለሥራ ታክሲ የሚከፍል ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ገንዘብ ሲያጥር እቁቡ አለ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያየው ዓይን አይጠፋም። ቤቱ ለኑሮ አይመችም፤ ቦታው ግን ያኖራል። መልሶ ማልማት ሲታሰብ ይህን ሁለተኛውን ሳያጠፉ የመጀመሪያውን ማዳን ነው ከባዱ ሥራ።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ሲጀመር የመሀል ከተማ መሬት ዋጋ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ሊዝን ዋነኛው የመሬት ማግኛ መንገድ አደረገው። ቦታው በውድ ዋጋ ሊሸጥ የሚችል ሲሆን በላዩ ላይ በጥቂት ብር ኪራይ የሚኖር ሰው መቆየቱ ለከተማው ካዝና እንደ ኪሳራ መታየት ጀመረ። ልደታ፣ ሠንጋ ተራ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ሰፈሮች ተራ በተራ ፈረሱ። በቦታቸው ባንኮች፣ ሕንፃዎችና በከፊልም ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲታይ ከሩቅ ይለያል።

ኮንዶሚኒየም ዳር፣ ሥራ መሀል

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 እና 1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ትልቅ ነበር፦ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው በረጅም ጊዜ ብድር የቤት ባለቤት ማድረግ። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ 20/80 እና 40/60 መርሐ ግብሮች (የመጀመሪያው ቁጥር ቤት ፈላጊው ራሱ የሚከፍለው መቶኛ፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው ነው) ምዝገባ ሲካሄድ ስሙን ያስመዘገበው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 2.74 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገራዊ ቆጠራ አልተካሄደም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የቤቱን ረሃብ መጠን ይገነዘባል።

ቤቶቹ በብዛት የተሠሩት መሬት በርካሽ በሚገኝበት በዳር ነው፦ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ለብዙዎች የራሳቸው መጸዳጃ ቤትና ቁልፍ ያለው በር ማግኘት ሕይወት ቀያሪ ነበር፣ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን እንጀራ ጋጋሪዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትወጣ ደንበኞቿ መሀል ከተማ ቀርተዋል። ለጋራ መጋገሪያና ለእርድ ተብለው የተሠሩት ኮሙናል ቤቶችም በየቦታው ለታሰቡበት አልዋሉም። ቅድመ ክፍያውን መክፈል ያቃተው ዕጣውን ሸጦ ወይም ቤቱን አከራይቶ፣ እሱ ራሱ ሌላ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ወጣ።

ሥራው መሀል ስለቀረ ሰው በየቀኑ ተመላላሽ ሆነ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የቆመ ሰው ችግሩን በዓይኑ ያየዋል። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ገና ሳይቆም ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፤ አሥራ ሁለት ሰው ይገባል፣ ቀሪው መቶ ሰው አንድ እርምጃ ጠጋ ይላል። ዝናብ ከጣለ ታክሲው ይጠፋል፣ ሰዉ በየሕንፃው በረንዳ ሥር ይጠለላል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ነበር የታሰበው። ሁለት መስመሮቹ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች እና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። 41 ባቡሮች ቢገዙለትም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ቆይተዋል። ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎችም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፈሮችን አጥር ለይቷቸዋል፤ ድሮ በሁለት ደቂቃ የሚሻገር ሰው ማቋረጫ ፍለጋ ይዞራል። ይሁን እንጂ አዛውንትና ተማሪ በአነስተኛ ዋጋ ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። መጠገን ያለበት፣ ተስፋ የማይቆረጥበት ሀብት ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉና የኤሌክትሪክ መኪና መበራከቱ ጭሱን ይቀንሳል፤ መጨናነቁን ግን አይቀንስም።

ከከተማዋ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ ነው። ስለዚህ ለመሀል ከተማ ትልቁ ትራንስፖርት የእግረኛ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ወንዝና ቆሻሻ

ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ባንተይቀጡ ከእንጦጦ ግርጌ ተነስተው መሀል ከተማውን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ በአቃቂ በኩልም አባ ሳሙኤልና አዋሽ ይደርሳሉ። ፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ያልደረሳቸው ሰፈሮች መጸዳጃ ወደ እነሱ ይለቀቃል። መሀል ላይ የገባው ቆሻሻ ከታች በአቃቂ ዳር አትክልት በሚያለማው ገበሬ ማሳ በኩል ዞሮ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመለሳል። በሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ሥር የተሠሩት መናፈሻዎች ዳርቻውን አስውበውታል። ውሃው ራሱ የሚጠራው ግን ከላይ ያለው እያንዳንዱ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ ነው።

የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ።

ስለ ቆሻሻ ሲወራ ግን ምናለሽ ተራ ሊረሳ አይገባም። መርካቶ ውስጥ ባለው በዚህ ተራ የሚጣል ነገር የለም። በየሰፈሩ እየዞሩ «ቆራሌው» የሚሉት ልጆች የሰበሰቡት ብረት፣ ጎማ፣ ጠርሙስና ጀሪካን እዚህ ይራገፋል። በርሜሉ በመዶሻ ተዘርግቶ የከሰል ምድጃ፣ ምጣድ ክዳንና ባልዲ ይሆናል። የመኪና ጎማው ተቆርጦ ጫማ ይወጣዋል፤ ፌሮው ተቃንቶ እንደገና ለግንባታ ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ የመዶሻው ድምፅ አያርፍም። ሌላው ዓለም በጥናትና በበጀት ሊያመጣው የሚደክምበትን መልሶ መጠቀም እነዚህ ሰዎች ያለ ማንም ድጎማ ሲሠሩት ኖረዋል። የሚያስፈልጋቸው ቦታ፣ የእጅ ጓንትና የእሳት አደጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሳው ከባድ ቃጠሎ የመርካቶ መጨናነቅ ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል።

የኮሪደር ልማቱ

በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት መሀል ከተማውን በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጦታል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በአብዛኛው ፈረሰ፤ ቀጥሎ የካዛንቺስ ተራ ሆነ። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ተሠራ፣ የተንጠለጠለው ሽቦ መሬት ውስጥ ገባ፣ ሕዝባዊ መጸዳጃ ቤቶችና መብራቶች ተተከሉ። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ማየት እውነተኛ ደስታ ነው፤ ከጉዞዋ ግማሽ ያህሉ በእግር ለሚደረግባት ከተማ የተሰፋ መንገድ ቅንጦት አይደለም። ስንት ዓመት በጭቃና በተከፈተ ቱቦ መሀል የሄደ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

የሚያሳስበው ከመንገዱ ጀርባ ያለው ነው። ሥራው የሄደበት ፍጥነት ለመመካከር ጊዜ አልተወም። ብዙ ዕድሜ ያላቸው ቤቶች ከነታሪካቸው ሄደዋል። ተነሺዎቹም ወደ ተለያዩ ሳይቶች ስለተከፋፈሉ አንድ እድር ሦስትና አራት ቦታ ተበትኗል። ሌላም መንገድ ነበር፦ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ፕሮጀክት የቦታውን ነባር ነዋሪዎች እዚያው በሚሠሩ ቤቶች እንዲቆዩ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር የተጀመረው። ቀደም ሲል በልደታ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞችም ድሃን መሀል ላይ ማስፈር የሚቻል መሆኑን ያሳያሉ።

በመነሳት ሂደት ሁሉም እኩል አይታይም። የግል ባለይዞታ ካሣና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ያገኛል። ከግለሰብ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው፣ በደባልነት የተጠጋው፣ በረንዳ ላይ ሻይ የሚሸጠው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው በመንግሥት እንዲወሰን ደንግጓል፤ ይህም በየስድስት ወሩ ዕቃውን ለሚያወርድ ተከራይ ጥሩ መከታ ነው። ቤቱ ራሱ በሚፈርስበት ጊዜ ግን ውሉ አብሮ ይፈርሳል። በመሀል ከተማው እንዲህ ያለ ተከራይ ብዙ በመሆኑ፣ ቆጠራው ሲደረግ ከባለቤቱ እኩል እሱን መመዝገብና በየሚሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ አቅሙ የሚፈቅደው የኪራይ ክፍል እንዲኖር ማስገደድ ከተማ አስተዳደሩ ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።