የጀርመንና የፖላንድ ድንበር፦ «ስታሊን አሰመረው፣ አለቀ» ለሚሉ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገር ሲነሳ የፖላንድ ድንበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ስታሊን እርሳስ አነሳ፣ አገሪቱን ወደ ምዕራብ ገፋት፣ በቃ። ስታሊን ትልቁን ድርሻ መያዙ እውነት ነው። ግን መስመሩ እስከ ድርድሩ የመጨረሻ ቀናት ድረስ ሌላ ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር። እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ድንበሩ የተወሰነው ያልታ ላይ ነው»

የምሥራቁ፣ አዎ። የምዕራቡ ግን አልተወሰነም። በፌብሩዋሪ 1945 በክራይሚያዋ ከተማ በያልታ ሦስቱ መሪዎች፣ የሶቪየቱ ስታሊን፣ የአሜሪካው ሩዝቬልትና የእንግሊዙ ቸርችል፣ የተስማሙት ፖላንድ በሰሜንና በምዕራብ ሰፊ መሬት እንድታገኝ፣ የመጨረሻው መስመር ግን የሰላም ጉባኤ እንዲጠብቅ ነው። የት ድረስ እንደሆነ አልጻፉም። ቸርችል እዚያው ተቀምጦ የፖላንድን ዝይ በጀርመን መኖ አብዝተን ብንቀልባት ሆዷን ያማታል ብሎ ነበር።

«ኦደር-ናይሴ ካሉ መስመሩ ግልጽ ነው»

ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኦደር-ናይሴ የሚባለው በሁለት ወንዞች ስም የተሰየመው የምዕራቡ ድንበር ነው። በድርድሩ ላይ ናይሴ የሚባሉት ወንዞች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ኦደር ውስጥ ይገባሉ። ምሥራቃዊው ኦደርን የሚገናኘው ወንዙ ብሬስላው፣ የዛሬዋ ቭሮስዋፍ፣ ሳይደርስ ነው። ምዕራባዊው ደግሞ በጣም ራቅ ብሎ፣ ዛሬ ድንበር የሆነው ነው። በሁለቱ መካከል ከጦርነቱ በፊት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ጀርመኖች ይኖሩበት የነበረው፣ የቫውብዢክ የድንጋይ ከሰል ያለበት የታችኛው ሲሌዥያ ትልቅ ክፍል አለ።

ምሥራቃዊው ናይሴ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ፣ መስመሩም ኦደርን ብቻ ተከትሎ ቢሄድ፣ ብሬስላው ለሁለት ትከፈል ነበር። አሮጌው መሀል ከተማ ከወንዙ በስተደቡብ ስለሆነ ለጀርመን ይቀር ነበር ማለት ነው። ይሄ ደግሞ የታሪክ አፍቃሪዎች ምናብ አይደለም። በርሊን አጠገብ ባለችው ፖትስዳም በተደረገው የአሸናፊዎቹ ጉባኤ ላይ፣ ጁላይ 29 ቀን 1945፣ አሜሪካኖች ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ምሥራቃዊው ናይሴ ነበር። የሶቪየቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሎቶቭ አሻፈረኝ አለ። በማግስቱ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ በርንዝ ምዕራባዊውን ለቀቀ፤ ግን እንዲሁ በነፃ ሳይሆን ከጦር ካሳው ክርክርና ከጣሊያን ጉዳይ ጋር በአንድ ላይ ጠቅልሎ። ሚሊዮኖች የኖሩበት አገር በአንድ ሌሊት ልዩነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያለፈው በእንዲህ ዓይነት ሰጥቶ መቀበል ነው።

ቸርችል በዚያ ሰዓት በምርጫ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ገብቷል። በኋላ ላይ እኔ ብሆን ምዕራባዊውን ናይሴ አልቀበልም ነበር ብሎ ጽፏል። እኔ ይህችን አባባል ብዙም አላምናትም። መሬቱ ላይ የቆመው ቀይ ጦር ነው፣ አስተዳደሩንም ፖላንዶች ይዘውታል። ለንደን ሆኖ አልፈርምም ማለት ማንን ያስወጣል?

«ሽቴቲን ከኦደር በስተምሥራቅ ስላለች ለፖላንድ ደረሰች»

ካርታ ክፈቱ። ሽቴቲን፣ የዛሬዋ ሽቼቺን፣ በአብዛኛው ያለችው በወንዙ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ስሙ የኦደር ድንበር ይባል እንጂ እዚህ ጋ መስመሩ ወንዙን ተሻግሯል። ከተማዋ ራሷ ወራት ሙሉ የማን እንደሆነች አልታወቀም ነበር፤ የፖላንድ ባለሥልጣናት ገብተው እንዲወጡ ተደርገዋል፣ ሶቪየቶች የጀርመን አስተዳደር ሾመዋል፣ በመጨረሻ ጁላይ 1945 መጀመሪያ ላይ ለፖላንድ ተሰጠች። የበርሊን ወደብ ሆና ትቀር የነበረበት ዕድል ቀላል አልነበረም።

«ፖላንድ ከጦርነቱ ሰፍታ ወጣች»

ጠባ ነው የወጣችው። በምሥራቅ ወደ 180,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አጣች፣ በምዕራብና በሰሜን ወደ 100,000 አገኘች።

«ፖላንዶች ሁሉ የፈለጉት ይህን ነበር»

የትኞቹ ፖላንዶች? በሶቪየት የሚደገፈው የሉብሊን ቡድን ከ1944 ጀምሮ ከስታሊን ጋር ተስማምቷል። ለንደን የነበረው የስደት መንግሥት ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶማሽ አርቺሼቭስኪ በዲሴምበር 1944 ለእንግሊዝ ጋዜጣ ብሬስላውንም ሽቴቲንንም አንፈልግም ብሎ ተናግሯል። እነሱ ምሥራቅ ፕሩሲያን፣ ዳንዚግንና የላይኛውን ሲሌዥያ ይፈልጉ ነበር፤ በምሥራቅ ያሉትን ልቩቭንና ቪልኖን (የዛሬዎቹን ልቪቭና ቪልኒየስ) ግን መልቀቅ አልፈለጉም። የምዕራቡን መሬት አብዝቶ መቀበል የምሥራቁን ኪሳራ አሜን ብሎ መፈረም እንደሆነ ገብቷቸዋል። ደግሞም ሚሊዮን ጀርመኖች ያሉበትን አገር ይዞ ከሞስኮ ጥበቃ ውጭ ማደር አይቻልም። ይህ ስሌታቸው ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ልቩቭ ለፖላንድ የምትቀርበት መንገድ አልነበረም»

በወረቀት ላይስ ነበረ። ለምሥራቁ ድንበር መሠረት የሆነው የከርዘን መስመር በደቡብ፣ በጋሊሲያ በኩል፣ ሁለት አማራጭ አለው፤ በአንደኛው ልቩቭ ለፖላንድ ትቀራለች። ሩዝቬልት ያልታ ላይ ከተማዋንና የነዳጅ አካባቢዋን ለፖላንድ ብትተዉላት ጥሩ ነው ብሎ ስታሊንን ጠይቆታል። ግን የጠየቀው የግድ ነው አልልም እያለ ነበር። እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው ስታሊን ከተማ አይሰጥም፤ አልሰጠምም።

«1945 ላይ ጉዳዩ ተዘጋ»

የፖትስዳም ሰነድ የሚለው መሬቱ የሰላም ስምምነት እስኪመጣ ድረስ በፖላንድ አስተዳደር ሥር ይቆያል ነው። በርንዝ ራሱ በሴፕቴምበር 1946 ሽቱትጋርት ላይ ድንበሩ ገና አልጸደቀም ብሎ ፖላንዶችን አስደንግጧል። ምሥራቅ ጀርመን በ1950 ተቀበለች፣ ምዕራብ ጀርመን በመሪዋ በቪሊ ብራንት ጊዜ በ1970። እንዲያም ሆኖ በኖቬምበር 1989 የምዕራብ ጀርመን መሪ የነበረው ኮል ለሁለቱ ጀርመኖች ውህደት ያቀረበው ባለ አሥር ነጥብ ዕቅድ ስለዚህ ድንበር አንዲት ቃል የለውም። መሬቱን አስመልሳለሁ ብሎ አይመስለኝም፤ ከእነዚያ መሬቶች የተፈናቀሉትን ጀርመኖች የምርጫ ድምፅ ፈርቶ ነው። ዋርሶ ግን እንቅልፍ አጣች፣ ዋስትና ይሰጠኝ ብላ ወተወተች፣ እና ውህደቷን የጨረሰችው ጀርመን ኖቬምበር 14 ቀን 1990 የድንበር ስምምነቱን ፈረመች።