ካንሰሩ ዘግይቶ ሲታወቅ፦ ስለ ሕጉ የምሰማቸው የተሳሳቱ እምነቶች

ጠበቃ ነኝ። የጡቷን እብጠት «የወተት እጢ ነው፤ ይጠፋል» ተብላ ስለተመለሰች ሚስት፣ ደም እያየው «ኪንታሮት ነው» እየተባለ ቅባት ብቻ ስለታዘዘለት አባት፣ አክታው ሳይመረመር የቲቢ መድኃኒት ሲደጋገምለት ስለቆየ ወንድም የሚነግሩኝ ሰዎች ቢሮዬ ይመጣሉ። ታሪካቸው ይለያያል፤ ስለ ሕጉ ይዘውት የሚመጡት እምነት ግን አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛውን የሚማሩት ለቅሶ ቤት ይመስለኛል፤ እዚያ ሁሉም ሰው የሕግ አዋቂ ነውና።

«ሐዘኑ ይውጣና እንከሳለን»

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጪ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዛል። ስህተቱን ካወቀበት ቀን አይልም። እንባው ከደረቀበት ቀንም አይልም።

እስቲ የአንድ ቤተሰብን ጊዜ እንቁጠር። በሽታው ሲታወቅ ስለ ክስ የሚያስብ የለም፤ ገንዘብ ፍለጋ አለ፣ ኬሞቴራፒ አለ፣ የጨረር ሕክምና ወረፋ አለ። ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ራሱ ወራት ይበላ ነበር። ከዚያ ሞት ይመጣል። ለቅሶ፣ አርባ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በመካከሉ ደግሞ «ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ፍርድ ቤት መመላለስ ነውር ነው» የሚል አንድ ታላቅ አጎት አይጠፋም። አጎትየው ይከበራል፤ ይርጋው፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ግን ይቆጥራል።

አንድ መምህር የመጣው የሚስቱ ሁለተኛ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር። ወረቀቱን ሁሉ በቅደም ተከተል አደራጅቶ ይዟል። በመጀመሪያው ካርድ ላይ እብጠት መኖሩ በሐኪሙ እጅ ተጽፏል፤ ናሙና እንዲወሰድ ግን አልታዘዘም፤ በዓመቱ ስትመለስ በሽታው ጉበቷ ደርሷል። እንዲህ ጥርት ያለ ማስረጃ በእጄ የገባው ከስንት አንዴ ነው። የሆስፒታሉ ጠበቃ ስለ ሕክምናው አንዲት ቃል አልተናገረም። ዋናው ክርክር ሳይሰማ ክሱ እንዲዘጋ ይርጋን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት አነሣ፤ መዝገቡም በዚያው ተዘጋ።

«ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?» የሚለው ራሱ ያከራክራል። ሐኪሙ በሽተኛዋን የመለሰበት ቀን ነው? በሽታው መሰራጨቱ የታወቀበት? ለቤተሰቡስ የሞተችበት ቀን ነው? እኔ ለደንበኛዬ የሚበጀውን ቀን ይዤ እከራከራለሁ፤ ሥራዬ ነው። እናንተ ግን ሕይወታችሁን በዚያ ክርክር ላይ አታስይዙ። ከሁሉም የቀደመውን ቀን ያዙና ከዚያ ቁጠሩ።

ሌሎች በሮች አሉ። ጥፋቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል፤ ይህ በዚያው በአንቀጽ 2143 ንዑስ አንቀጽ 2 ተጽፏል። ከፍሎ የታከመ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ወይም ከሆስፒታሉ ጋር የሕክምና ውል አለው፤ ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ስለዚሁ ናቸው፤ ለውል የተቀመጠው ጠቅላላ ይርጋ በአንቀጽ 1845 መሠረት አሥር ዓመት ነው። ተከሳሹ «ጉዳዩ ከውል ውጪ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። እነዚህ በሮች ለዘገየ ሰው መጠጊያ ናቸው፤ «አሥር ዓመት አለኝ» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ግን ሕጉን ሳይሆን ዕድሉን ነው የተማመነው።

ከዚህ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ። ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ያስገቡ ሰዎች ኮሚቴው እስኪወስን ጊዜው የቆመላቸው ይመስላቸዋል። ኮሚቴው የሚመለከተው የባለሙያውን ሥነ ምግባርና ፈቃድ ነው፤ ካሳ አይፈርድላችሁም። ይርጋን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት የቀረበ ክስ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሻይ ጋብዞ «እናጣራለን» ማለቱ ዕዳን ማመን አይደለም። አቤቱታውን አስገቡ፤ ሙያዊ አስተያየቱ ፍርድ ቤትም ፖሊስም ዘንድ ክብደት አለው። ክሱ ግን ከጎኑ ይሂድ።

«ካንሰሩን ያመጣው ሐኪሙ አይደለም፤ ምን ብለን እንከሳለን?»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ የተማሩት ናቸው። ካንሰሩን ሐኪሙ አላመጣውም፤ እንዲህ ብሎ የሚከስም የለም። የሚከሰሰው በጊዜው ቢታወቅ ሊሆን ይችል በነበረውና አሁን በሆነው መካከል ላለው ልዩነት ነው። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። አንቀጽ 2647 ደግሞ ሐኪም ለመዳን ዋስትና እንደማይሰጥ፣ ነገር ግን በሙያው ደንብ ሲመዘን ጥፋት ከሠራ እንደሚጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄው «አዳናት ወይ?» ሳይሆን «እብጠቱን ሲያይ ጠንቃቃ ሐኪም ማድረግ የሚገባውን አደረገ ወይ?» የሚል ነው።

አስቸጋሪው ልዩነቱን ማስረዳት ነው። «ቀድሞ ቢገኝ ትድን ነበር» የሚለው የቤተሰብ እምነት ማስረጃ አይደለም። የካንሰር ሐኪም ቀርቦ በመጀመሪያው ቀን በሽታው በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ፣ ኋላ ስንተኛ ደረጃ እንደደረሰ፣ በሁለቱ መካከል የሕክምናው ዓይነትና ተስፋው እንዴት እንደተለወጠ መመስከር አለበት። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት፣ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ጉዳቱ በሐኪሙ ጥፋት ምክንያት መድረሱን ግን አስቀድማችሁ ማሳየት አለባችሁ፤ እዚያ ላይ ርትዕ አያድናችሁም።

ከውጭ አገር የሚደውሉ ዘመዶች «እዚህ ቢሆን ሚሊዮን ይከፍሉ ነበር» ይሉኛል። በእንግሊዝ ግሬግ የተባለ በሽተኛ በሐኪሙ በስኮት ላይ ባቀረበው ክስ ሐኪሙ ከብብት ሥር ያለን እብጠት ችላ ብሎ ምርመራው ዘጠኝ ወር ገደማ ዘግይቶ ነበር። በሽተኛው የመዳን ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ መውረዱን አሳየ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት) ዳኞች ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ መጀመሪያውኑ የመዳን ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር የጠፋው ዕድል ብቻውን ካሳ አያስገኝም ብለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት ቨርጂኒያም መደበኛው የመክሰሻ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ካንሰር ሳይታወቅ ሲቀር ምርመራው ለታማሚው ከተነገረበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይፈቀዳል፤ የካሳው መጠንም በሕግ ጣራ አለው። እዚያ ያላችሁ ሰዎች የራሳችሁን ግዛት ጠበቃ ዛሬውኑ ጠይቁ።

«ዘግይቶ ከተገኘ ጥፋት አለ ማለት ነው»

አይደለም። ምልክት ሳያሳይ ሥር የሚሰድ ካንሰር አለ፤ በወረፋ ብዛት የዘገየ ሕክምናም ለአንድ ሐኪም የሚለጠፍ ጥፋት አይደለም። ክስ የሚያቆመው እብጠቱን አለመመርመር፣ ናሙና አለማዘዝ፣ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት መጥቶ መሳቢያ ውስጥ መቅረት፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል አለመላክ የመሰለው ነው።

«ፈርመናል»

የፈረማችሁት ለቀዶ ሕክምናው አደጋ ነው። በሽታዬን አትወቁልኝ ብሎ የፈረመ ሰው አላጋጠመኝም።

«ሐኪሙ አገር ለቋል»

ይልቀቅ። በአንቀጽ 2651 መሠረት የሕክምና ተቋሙ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። የመንግሥት ሆስፒታል ከሆነም አንቀጽ 2126 አለ፤ ጥፋቱ በሥራው ላይ የተፈጸመ ከሆነ መንግሥትም ካሳ ይጠየቃል።

«መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ»

ንዴቱ ይገባኛል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ሐኪም የሙያ ግዴታውን በቸልተኝነት ጥሶ ሰው ቢሞትበት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣዋል። ነገር ግን የወንጀል ክስ የዐቃቤ ሕግ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ የማስረጃው ሚዛንም በጣም ከባድ ነው፤ ዘግይቶ በታወቀ ካንሰር «ሞቱን ያመጣው ይህ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ያለ ጥርጥር ማስረዳት ከሁሉም ይከብዳል። ሰዎች ሐኪሙ ነፃ ሲወጣ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ይቀመጣሉ። አላለቀም፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ችሎቱ የነፃ መልቀቅ ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል።

«ለሐዘናችን ይክሱናል»

እዚህ ላይ የማፍረው በሕጉ ነው። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚሰጥ ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ለአንድ የኤም አር አይ ምርመራ አይበቃም። ገንዘብ ያለው በቁሳዊው ጉዳት ላይ ነው፦ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ለተወላጅ፣ ለወላጅና ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ ቀለብ። እህቶቿን ያስተማረች ታላቅ እህት ብትሞት አንቀጽ 2095 ካሳ ከሚያገኙት መካከል እህቶቿን አይጠራቸውም። ይህን ስነግራቸው የሚያዩኝ አስተያየት አይረሳም።

«ጸበል ሄደን ስለነበር መብት የለንም»

መብት አላችሁ። ናሙና እንድትሰጥ በጽሑፍ ታዝዛ ለስምንት ወር ጸበል ብትቆይ የእሷም ድርሻ ይታሰባልና በአንቀጽ 2098 ካሳው ሊቀንስ ይችላል። ምንም ሳይነገራት ከሄደች ግን ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው?

«ካርዱ ሆስፒታሉ አለ»

አለ፤ እስኪጠፋ። የካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁን በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ራጅ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የሪፈር ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ምንም አትጣሉ። ከሁሉም በላይ የፓቶሎጂ ስላይዱና ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክ የት እንዳለ እወቁ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ደግሞ የሚያየው እሱን ነውና። በመጀመሪያው ቀን አብሯት የገባው ማን እንደሆነ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ታማሚዋ በሕይወት እያለች በራሷ ቃል ጽፋ ትፈርም። ሆስፒታሉ እምቢ ካለ ፍርድ ቤቱ ሰነዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል፤ የሚያዘው ግን መኖሩን የምታሳዩትን ሰነድ ነው።

«ለጠበቃና ለዳኝነት የሚከፈል የለንም»

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ አቅም እንደሌላችሁ የሚያስረዳ የቀበሌ ወይም የወረዳ ማስረጃ ያዙ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሉ፤ አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ምክር ይሰጣሉ። እዚያ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት ጉዳቱ የደረሰው መቼ እንደሆነ ነው፤ ቀኖቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ።