7 የአንገት አጥንት፣ 8 የአንገት ነርቭ
የሰው አንገት 7 አከርካሪዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ከአንገት የሚወጡት የነርቭ ጥንዶች ግን 8 መሆናቸው የሕክምና ተማሪዎችን ዘወትር ግራ ያጋባል። ምክንያቱ የአወጣጡ ደንብ መሀል ላይ መለወጡ ነው፦ ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያሉት የአንገት ነርቮች የሚወጡት ቁጥራቸውን ከሚጋሩት አከርካሪ በላይ ሲሆን፣ 8ኛው በ7ኛው የአንገት አከርካሪና በ1ኛው የደረት አከርካሪ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በደረትም ሆነ በወገብ እያንዳንዱ ነርቭ በስሙ ከሚጠራው አከርካሪ በታች ይወጣል።

ደንቡ ጥቅም ላይ የሚውለው በተለይ ዲስክ (በሁለት አከርካሪዎች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል) ሲንሸራተት ነው። በ5ኛውና በ6ኛው የአንገት አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ሲወጣ በአብዛኛው የሚጫነው 6ኛውን ነርቭ በመሆኑ፣ የታማሚው አውራ ጣት ይደነዝዛል፤ ክርኑን የማጠፍ አቅሙም ሊዳከም ይችላል። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል 7ኛው ነርቭ ይነካና የመሀል ጣት መደንዘዝ፣ ክርን የመዘርጋት ድካምም ይታያል። የትንሿ ጣት መደንዘዝ ወደ 8ኛው ይጠቁማል፤ ሆኖም በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው የአልናር ነርቭ ሲጨመቅም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚፈጠር፣ ከጣቷ ብቻ ተነስቶ አንገትን መወንጀል ችኮላ ነው። ድንዛዜው ከእጅ አንጓ አልፎ በክንዱ ውስጠኛ ጎን ወደ ላይ ከዘለቀ ግን ጥርጣሬው ወደ አንገት ያደላል።